«ኮሜ» ወይስ «ኮማ»? ስለ ስፓኒሽ የትእዛዝ ግሦች ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች

ስለ ውጭ ቋንቋዎች ለምንጠየቅበት ለዚህ ዓምድ ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ ብቻ አራት ደብዳቤዎች ደርሰውናል። አራቱም በስፓኒሽ ሰውን «ብላ፣ ጻፍ፣ ጠብቅ» ለማለት ግሡ እንዴት እንደሚለወጥ የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ ልናስተናግዳቸው ወደናል። የስፓኒሹን ቃል ሁሉ በጆሮ እንደሚሰማው በፊደላችን ጽፈነዋል። አንባቢው በላቲን ፊደል ተጽፎ ሲያገኘው ከአንዳንዱ ቃል ፊት «አቼ» የምትባል የማትነበብ ፊደል ቆማ ያያል፤ ከዚህ በታች ደጋግመን የምናነሣው «አብላር»ም በዚህች ፊደል ከሚጀምሩት አንዱ ነው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ «በአንድ የእንግዳ ማረፊያ በእንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደ መንዝ ጓሳ የሚያልፉ ስፔናውያን አልፎ አልፎ እኛ ዘንድ ስለሚያድሩ ቋንቋቸውን በስልኬ መማር ጀምሬአለሁ። ትምህርቱ መጀመሪያ ‹አብላ› ማለት ‹ይናገራል› ማለት ነው አለኝ። ከቀናት በኋላ ያው ‹አብላ› ‹ተናገር› ማለት ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ ለአክብሮት ‹አብሌ› በይ ተባልሁ። ይህን እንደምንም በቃሌ ከያዝሁ በኋላ ‹ኮሜር› የሚለው ግሥ ሲመጣ ሁሉም ነገር ተገላቢጦሽ ሆነብኝ። የዚህ ነገር ሕጉ ምንድን ነው?»

መልስ፦ የተማሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ግራ ያጋባዎት በተለያየ ቀን ተነጣጥሎ መቅረቡ ነው። የስፓኒሽ ግሥ በመዝገበ ቃላት የሚሰፍረው እኛ «መናገር፣ መብላት፣ መጻፍ» በምንለው ዓይነት ስሙ ሲሆን፣ መጨረሻው ከሦስት አንዱ ነው፤ «አብላር» (መናገር) በ«አር»፣ «ኮሜር» (መብላት) በ«ኤር»፣ «ኤስክሪቢር» (መጻፍ) በ«ኢር» ያበቃሉ። ግሡ ሥርዓቱን የሚጠብቅ፣ ማለትም ሥሩ የማይናወጥ ከሆነ፣ «ቱ» ብለን ለምንጠራው ለቅርብ ሰው ትእዛዙን ለማውጣት የመጨረሻዋን «ር» መጣል ይበቃል፤ «አብላ»፣ «ኮሜ» ይሆናል። በ«ኢር» የሚያበቁት ብቻ «ር» ስትወድቅ የቀረችውን «ኢ» ወደ «ኤ» ስለሚለውጡ «ኤስክሪቤ» ይሆናል። እነዚህ ቅርጾች «እሱ ይናገራል፣ ይበላል፣ ይጽፋል» ከሚባልባቸው ጋር አንድ ናቸው፤ ስልክዎ ሐሳቡን የለዋወጠ ያስመሰለውም ይኸው ነው። በንግግር ላይ ግን ሰሚው አይሳሳትም፤ እናት ሳህኑን ወደ ልጇ እየገፋች «ኮሜ!» ስትል «ማነው የሚበላው?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ለወንድና ለሴትም አይለያይም። «ብላ»ም «ብዪ»ም ያው «ኮሜ» ስለሆኑ፣ በዚህ በኩል ስፓኒሽ የሚማር ሐበሻ አማርኛ ከሚማር ስፔናዊ ይልቅ ሸክሙ ቀሎለታል።

ተገላቢጦሽ የመሰለዎት የአክብሮቱ ቅርጽ ነው፤ እሱም «ኡስቴድ» ለሚባለው፣ እኛ «እርስዎ» ለምንለው ሰው የሚነገረው ነው። የውጭ መጻሕፍት ይህን በረጅም ሰንጠረዥ ያስተምሩታል፤ እኔ ግን ፊደል ለቆጠረ ሰው ሰንጠረዥ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። «አብላ» የሚለውን ቃል የመጨረሻ ፊደል ይመልከቱ፤ «ላ» ራብዕ ነው። ለኡስቴድ ወደ ኃምስ ይሻገራል፤ «አብሌ» ይሆናል። «ኮሜ» ደግሞ መጨረሻው ኃምስ ነው፤ ለኡስቴድ ወደ ራብዕ ይመለስና «ኮማ» ይሆናል። «ኤስክሪቤ»ም እንዲሁ «ኤስክሪባ» ይባላል። ለቅርብ ሰው ራብዕ የነበረው ለክቡር ሰው ኃምስ፣ ኃምስ የነበረው ራብዕ ይሆናል ማለት ነው፤ ሥርዓቱን በሚጠብቁ ግሦች ላይ ከዚህ የሚያፈነግጥ የለም።

ለሥራዎ የሚሆኑትን በዚሁ ይሞክሯቸው። እንግዳው በር ላይ ሲደርስ «ፓሴ» (ይግቡ፣ ከ«ፓሳር»)፣ መዝገቡን ሲያቀርቡለት «ኤስክሪባ»፣ ክፍሉ ፎቅ ላይ ከሆነ «ሱባ» (ይውጡ፣ ከ«ሱቢር»)፣ ለቁርስ ሲጠሩት «ባኼ» (ይውረዱ፣ ከ«ባኻር»)፣ ከብርድ ለገባ ሰው ሻይ ሲያቀርቡ «ቤባ» (ይጠጡ፣ ከ«ቤቤር») ወይም «ቶሜ» ይላሉ። «ቶማር» መውሰድም መጠጣትም ስለሆነ፣ አንድን ነገር ለቅርብ ሰው ሲያቀብሉ «ቶማ» ቢሉ «እንካ» ወይም «እንኪ» ማለትዎ ነው። በአንጻሩ እንግዳው «አብራ» ቢልዎ መብራቱን ለማብራት አይቸኩሉ፤ «አብሪር» መክፈት ነውና «ይክፈቱ» ማለቱ ነው።

ራብዕና ኃምስ ለምን ቦታ ይለዋወጣሉ ለሚለው ምክንያቱ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ኡስቴድ» የተገኘው «ቡዌስትራ መርሴድ» ከሚለው የቀድሞ የማዕረግ አጠራር ሲሆን፣ ትርጉሙ «ጸጋዎ» ወይም «ቸርነትዎ» እንደማለት ነው። ሰውየውን ፊት ለፊት እያነጋገሩት ስለ ሦስተኛ ወገን የሚናገሩ ያህል «ጸጋዎ ይብላ፣ ጸጋዎ ይጻፍ» ሲሉ ቆይተው፣ የማዕረጉ ስም በአንደበት ተጨራምቶ «ኡስቴድ» ሆነ፤ ግሡ ግን እስከ ዛሬ የሦስተኛ ወገን ሆኖ ቀረ። እኛስ ምን እናደርጋለን? ለአንድ አዛውንት «ብላ» አንልም፤ «ይብሉ» እንላለን። «ይብሉ» ደግሞ በቦታው ለሌሉ ለእነሱም የሚነገር ቃል ነው። «እርስዎ» ራሱ «ርእስ» ከሚለው የመጣ የአክብሮት አጠራር መሆኑን ስናስብ የሁለቱ ቋንቋዎች ዘዴ አንድ መሆኑ ይታያል። ልዩነቱ እኛ ክቡሩን ሰው ስናበዛው እነሱ አንድ አድርገው መተዋቸው ነው።

የግዕዝ ግሥ ያወረዱ አንባብያን ደግሞ የበለጠ ይቀናቸዋል። «ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል፣ ይቅትል» ሲባል ሦስተኛው «ይገድል ዘንድ»፣ አራተኛው «ይግደል» ተብሎ ይፈታል፤ ዘንድ አንቀጹና ትእዛዝ አንቀጹ በመልክ አንድ ናቸው። ስፓኒሽም ለኡስቴድ የራሱ የትእዛዝ ቅርጽ የለውም፤ የሚዋሰው ከዘንድ አንቀጹ ነው። «ኮማ» በአንድ ቦታ «ይበላ ዘንድ»፣ በሌላ ቦታ «ይብሉ» የሚሆነው ለዚህ ነው። ይህን የያዘ ተማሪ ወደፊት ተማሪ ሁሉ የሚፈራውን የስፓኒሽ ዘንድ አንቀጽ ሲማር ግማሹን ቀድሞ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ሳላስጠነቅቅ አልለፍ። የእኛ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ከአፉ ቀድሞ የሚወጣው «ይቀመጡ» ነው፤ እሱ ግን በስፓኒሽ «ሲየንቴሴ» ሲሆን፣ ከስሙ ከ«ሴንታርሴ» እንደሚታየው በመካከሉ «ኢ» ስለሚሰነቀርበት ሥሩ የሚናወጥ ግሥ ነው። ስለዚህ እንደ አንድ ቃል በቃልዎ ይያዙት እንጂ በራብዕና ኃምስ አያውጡት። ለቅርብ ሰው የሚነገሩ «ዲ፣ አስ፣ ቤ፣ ፖን፣ ሳል፣ ሴ፣ ቴን፣ ቤን» የሚባሉ ስምንት አጫጭር ትእዛዞችም ከሥርዓቱ ውጭ ናቸው፤ «በል፣ አድርግ፣ ሂድ፣ አኑር፣ ውጣ፣ ሁን፣ ያዝ፣ ና» የሚሉት ናቸው።

ለሥራዎ በኡስቴድ ይጀምሩ። ስፔናውያን ግን ቶሎ ወደ «ቱ» ማለፍ ይወዳሉ፤ «አንተ መባባል» የሚል «ቱቴያር» የተባለ ግሥም አላቸው። እንግዳው በሁለተኛው ቀን «ቱ» ቢልዎ ንቀት አድርገው አይውሰዱት።

ጥያቄ፣ ከሞላሌ፦ «አጎቴ በደርግ ዘመን ኩባ ተምሮ የተመለሰ ነው። ለብዙ ሰው ሲታዘዝ ‹አብሌን፣ ኮማን› በል ይለኛል። እኔ ያገኘሁት መጽሐፍ ማድሪድ የታተመ ሲሆን ለጓደኞች ‹አብላድ፣ ኮሜድ› በል ይላል። አጎቴ እንዲህ ያለ ቃል ኩባ ውስጥ ከሰው አፍ ሰምቶ እንደማያውቅ እየማለ መጽሐፉን ዘጋብኝ። ልክ የሆነው ማነው?»

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አጎትዎም መሐላቸው እውነት ነው። ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ፣ ማለትም የወጣቶች ደሴት፣ በምትባለው የኩባ ደሴት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ተምረዋል፤ እነሱ የሰሙት ስፓኒሽ «አብላድ»ን በንግግር የማያውቅ ስፓኒሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአብዛኛው ስፔን ለብዙ ሰው ሁለት አጠራር አለ፤ ለጓደኞችና ለልጆች «ቦሶትሮስ»፣ ለሚከበሩ ሰዎች «ኡስቴዴስ»። በላቲን አሜሪካ ግን «ቦሶትሮስ» ከዕለት ንግግር ወጥቶ ለልጅም ለሽማግሌም «ኡስቴዴስ» ብቻ ቀርቷል። በካናሪ ደሴቶችም እንዲሁ ስለሆነ አጎትዎ በስፔን ግዛት ውስጥም ምስክር አያጡም። እኔ ከአጎትዎ ወገን የምቆመው በሌላ ምክንያት ነው፤ አማርኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዱን አዛውንት ብቻቸውን «ይብሉ» እንላቸዋለን። አምስት አዛውንት አንድ ገበታ ከበው ሲቀመጡ ግን «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ!» እንላለን፤ ለአምስት ሕፃናትም ያው «ብሉ» ነው። «እናንተ» አክብሮቱንም ቅርበቱንም ጠቅልላ እንደያዘች ሁሉ «ኡስቴዴስ»ም በኩባ እንዲሁ ሆናለች።

አወጣጡ አያስቸግርም። ለኡስቴድ ያወጡት ቃል ላይ «ን» ይጨምሩ፤ «አብሌ» «አብሌን»፣ «ኮማ» «ኮማን»፣ «ኤስክሪባ» «ኤስክሪባን» ይሆናል። የመጽሐፍዎ «ቦሶትሮስ» ደግሞ ከዚህም ይቀላል፤ የግሡን ስም ይዞ የመጨረሻዋን «ር» በ«ድ» መተካት ብቻ ነው፤ «አብላድ፣ ኮሜድ፣ ኤስክሪቢድ»። ስፔን ቢሄዱ ግን ብዙ ሰው በችኮላ ንግግር «ድ»ን ትቶ ስሙን እንዳለ «ኮሜር!» ሲል ይሰማሉ፤ በጽሑፍ ግን እንደ ስሕተት ይቆጠራል።

ለክርክሩ ማሟያ ይሆን ዘንድ፣ በአርጀንቲናና በኡራጓይ ለቅርብ ሰው «ቱ» ቀርቶ «ቦስ» ይባላል። የዚህ ትእዛዝ «ር»ን ጥሎ የመጨረሻውን ድምፅ አጉልቶ መጥራት ነው፤ «አብላ፣ ኮሜ፣ ኤስክሪቢ»። በዚህኛው «ኢ» ሳትለወጥ ትቀራለች። ስፓኒሽ በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ እንዲህ ያለው መለያየት ከመንዝና ከጎጃም አማርኛ መለያየት የተለየ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ራስን ጨምሮ «እንብላ» ለማለትም ይኸው የኡስቴድ ቃል መነሻ ነው፤ «ሞስ» ይጨመርበታል፤ «አብሌሞስ» (እንነጋገር)፣ «ኮማሞስ» (እንብላ)፣ «ኤስክሪባሞስ» (እንጻፍ)። እኛ ግን እየበላን የደረሰብንን ሰው ሁሉ «እንብላ» እንላለን፤ በስፔን ወግ ተናጋሪው መጪው ነው፤ ለተመጋቢዎቹ «ኬ አፕሮቤቼ» ይላቸዋል፤ «ይስማማችሁ» እንደማለት ነው። «አፕሮቤቻር» በ«አር» የሚያበቃ ግሥ ስለሆነ ኃምስ ይዞ መጣ።

ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና፦ «‹ቡስካር› (መፈለግ) ሥርዓቱን የሚጠብቅ ግሥ ነው ተብያለሁ። ‹ቡስኬ› ሲጻፍ ግን በመካከሉ የነበረው ፊደል ጠፍቶ ሌሎች ሁለት ፊደላት ገቡበት። ይህ እንዴት ሥርዓት ጠበቀ ይባላል?»

መልስ፦ ሥርዓቱን የጠበቀው ድምፁ ነው። የላቲኑ «ሴ» የተባለ ፊደል በ«ኣ» ፊት «ክ»፣ በ«ኤ» ፊት ግን «ስ» ሆኖ ስለሚነበብ (በስፔን ምላስን በጥርስ መካከል አድርገው ይጠሩታል) «ቡስኬ» እንዳለ ቢጻፍ «ቡሴ» ዓይነት ድምፅ ይሰጥ ነበር። «ካ» «ኬ» ሆኖ እንዲሰማ በእሱ ፈንታ «ኩ» እና «ኡ» የተባሉት ፊደላት ይገባሉ። በ«ፓጋር» (መክፈል) ላይም «ፓጌ» (ይክፈሉ) «ፓኼ» ሆኖ እንዳይነበብ «ኡ» ይሰነቀራል። «ክሩሳር» (መሻገር) «ክሩሴ» (ይሻገሩ) ሲሆን ደግሞ «ሴታ» የተባለው ፊደል በ«ሴ» ይተካል፤ ምክንያቱ ስፓኒሽ «ሴታ»ን በ«ኤ» ፊት መጻፍ ስለማይወድ ብቻ ነው። በፊደላችን ሲጻፍ ከ«ካ» ወደ «ኬ»፣ ከ«ጋ» ወደ «ጌ» ከመሄድ በቀር ምንም የተለወጠ ነገር እንደሌለ ራስዎ ያዩታል። ደብረ ሲና ላይ በመኪና መስኮት ቆሎ የሚሸጡ ልጆች «ኮምፕሬ» (ይግዙ) እና «ፓጌ»ን ቢማሩ አጻጻፉ አያስጨንቃቸውም።

ጥያቄ፣ ከአንኮበር፦ «እንግዶችን በእግር የማስጎበኝ ነኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ‹ጠብቀኝ› ለማለት ‹ኤስፔራሜ› ሲጻፍ በ‹ፔ› ላይ ጭረት ይደረጋል፤ ‹ኤስፔራ› ብቻውን ሲጻፍ ግን የለም። ለምን? ሁለተኛ፣ አንድ አዛውንት እንግዳ ሲሰናበቱኝ እጄን ይዘው ‹ኬ ዲዮስ ሴ ሎ ፓጌ› አሉኝ። ‹ፓጌ› ‹ይክፈሉ› ማለት ስለሆነ የወሰድሁባቸው ነገር ያለ መስሎኝ ደነገጥሁ።»

መልስ፦ ከጭረቱ እንጀምር። ስፓኒሽ «ኝ»፣ «ው»፣ «ት» የሚሉትን ተሳቢዎች በአዎንታዊ ትእዛዝ ላይ እንደ እኛው ከግሡ ጋር አጣብቆ አንድ ቃል ያደርጋቸዋል። «ጠብቀኝ» «ኤስፔራሜ»፣ «ይጠብቁኝ» «ኤስፔሬሜ»፣ «ርዳኝ» «አዩዳሜ»፣ «ይርዱኝ» «አዩዴሜ» ነው። እኛ «ግዛኝ» እና «ግዛልኝ» ብለን የምንለየውን እነሱ በአንድ «ሜ» ስለሚሸፍኑት «ኮምፕራሜ» ከእኔ ግዛም ለእኔ ግዛም ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል አማርኛ የማይችለውን ሁለት ተሳቢ ማጣበቅ ይችላሉ፤ «ኮምፕራሜሎ» ቢሉ «ያንን ነገር ለእኔ ግዛልኝ» ማለት ነው።

ጭረቱ ጉላቱ ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚጠብቅ ነው። ስፓኒሽ ከእያንዳንዱ ቃል አንዱን ድምፅ አጉልቶ ይጠራል። በአናባቢ፣ በ«ን» ወይም በ«ስ» የሚያበቃ ቃል ጭረት ከሌለው የሚጎላው ከመጨረሻው በፊት ያለው ነው። «ኤስፔራ» ላይ «ፔ» ስለሚጎላ ጭረት አያሻም። «ሜ» ሲጨመር ግን ቃሉ ረዝሞ በሕጉ መሠረት ጉላቱ ወደ «ራ» ሊሄድ ይሆናል፤ «ፔ» እንደጎላ እንዲቀር ጭረቱ ይደረጋል።

ይህን የማልረሳው ጣርማበር ላይ ስላፈርሁበት ነው። ሁለት ስፔናውያን ባልና ሚስት ይዤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ ጉሙ በድንገት መንገዱን ሸፈነው። ሴትየዋ ወደ ፊት ስትራመድ «ይጠብቁ!» ለማለት «ኤስፔሬ!» አልሁ፤ በድንጋጤዬ ግን ጉላቱን መጨረሻው ላይ ጣልሁት። «ፔ» ሲጎላ «ይጠብቁ» የሚሆነው ቃል፣ «ሬ» ሲጎላ «ጠበቅሁ» ይሆናል። ሴትየዋ ቆም ብላ ዘወር አለችና «አ ኪየን?» አለችኝ፤ «ማንን?» ማለቷ ነው። ደግነቱ ለመጠየቅ መቆሟ ራሱ ከገደሉ አዳናት። ሥርዓቱን በሚጠብቁ «አር» ባላቸው ግሦች ሁሉ ይህ አደጋ አለ፤ «አብሌ» መጀመሪያው ሲጎላ «ይናገሩ»፣ መጨረሻው ሲጎላ «ተናገርሁ» ነው። ለእኛ ጆሮ ልዩነቱ ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን «ገና» ላልቶና ጠብቆ ሲነገር የበዓሉንና የጊዜውን ቃል የምንለይ ሰዎች ስፔናዊው የእኛን መጥበቅ ባይሰማ እንደምንገረመው ሁሉ፣ እሱም የእኛ ጆሮ ጉላቱን ሲያልፈው ይገረማል።

ወደ አዛውንቱ እንመለስ። የወሰዱባቸው ነገር የለም፤ መርቀውዎታል። «ኬ ዲዮስ ሴ ሎ ፓጌ» «እግዜር ይክፈልዎ» ማለት ሲሆን፣ አባባሉም ቦታውም ከእኛው «እግዜር ይስጥልኝ» ጋር ይመሳሰላል። «ፓጌ» በዚህ ቦታ የታዘዘው ለእርስዎ አይደለም፤ ከፋዩ «ዲዮስ»፣ እግዚአብሔር ነው። ለደብረ ብርሃኗ ጠያቂያችን የዘንድ አንቀጽ ለኡስቴድ ትእዛዝ ይዋሳል ብለናል፤ እዚህ ላይ የሚያዩት ያው ቅርጽ ሳይዋስ በገዛ ቤቱ ሆኖ ምርቃት ሲናገር ነው። ተሳቢዎቹን ይመልከቱ፤ «ሴ» እና «ሎ» ከግሡ ኋላ አልተጣበቁም፤ ተነጥለው ከፊቱ ቆመዋል። ሰውየው በእርግጥ ክፈሉኝ ማለት ቢፈልጉ ኖሮ «ፓጌሜ» ብለው አጣብቀው ይናገሩ ነበር። «ሜ» ከኋላ ተጣብቃ ከሰሟት ቦርሳዎን ይፈልጉ፤ «ኬ ዲዮስ» ቀድሞ ከሰሙ «አሜን» ማለት ይችላሉ፤ ቃሉ በስፓኒሽም «አሜን» ነው።